ስም የሚመልስ አንቀጽ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ የማይጠየቅ ጥያቄ አለ። «ከየት ነህ?» ይባላል፤ እንዲያውም ቡናው ሳይቀዳ ነው የሚጠየቀው። ከከምባታ በሉ፣ ከወላይታ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ መልሱ ማንንም አይገርምም። «ለምን መጣህ?» የሚል ሰው ግን አይገኝም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ለአገሩ አዲስ ነው፣ ወይ እንደኔ የሰው ነገር የሚያሳክከው ጸሐፊ ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ሸካቾው፣ መኢኒቱ፣ ከፋው ከጥንት የኖረበት ምድር ላይ በየዘመኑ ሌላ ሰው ተጨምሯል። ወታደሩ መጣ፤ ነጋዴው ተከተለ፤ ቡና ተክሎ ማደር የፈለገው መጣ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከሰሜን የተነሣው ሰፋሪ ከደረሰባቸው አገሮች አንዱ ይኸው የያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር ነው። በበቃና ቴፒ ያሉት፣ በኋላ ወደ ግል የተዛወሩት፣ ትልልቆቹ የመንግሥት የቡና እርሻዎችም ለቀማ በደረሰ ቁጥር ሰው በአይሱዙ ሲያስጭኑ ኖረዋል። ከመጣው ሁሉ ግማሹ ለቀማው ሲያልቅ አይመለስም። እዚያው ይቀራል፤ ጎጆ ይቀልሳል፤ ያገባል።

ከቀሩት መካከል ደግሞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መረሳትን ፍለጋ የመጡ አሉ። ታስሮ የወጣ፣ በቀዬው «ያ ሌባ» መባል ያንገሸገሸው፣ ልጁን ማንም እንዳያገባበት የሆነ ሰው ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በጅማና በቦንጋ አልፎ እዚህ ሲደርስ እንደገና ይወለዳል። መንገዱ ራሱ ይቅር ባይ ነበር ማለት ይቻላል። ወንጀል ሠርቶ ከፍርድ ያመለጠውን እያወደስኩ እንዳይመስላችሁ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የማነሣው ተፈርዶበት፣ ታስሮ፣ ቅጣቱን እስከ መጨረሻው ቀን ቆጥሮ የወጣውን ሰው ነው። የዚህ ሰው ዕዳ መቼ ነው የሚያልቀው?

እንዲህ ያለ አንድ ሰው ሚዛን ውስጥ አውቃለሁ። አሁን አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ የመጣበትን ዞን አልናገርም። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር የሰው ጎተራ ሰብሮ ጀንፈል ቡና ሰረቀ። ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ተፈረደበት፤ ጨረሰ፤ ከተፈታ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ጉልበት ሠራተኛ ሆነ፣ ሚዛን ላይ ቆሞ ቡና መዘነ፣ የሰው መጋዘን ቁልፍ ያዘ። መጋዘን አልኳችሁ፤ አንድ ኪሎ አልጎደለበትም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ድርጅት በተሻለ ደመወዝ የመጋዘን ኃላፊ ሊያደርገው ፈለገ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ «ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያስረዳ ማስረጃ አምጣ» ተባለ። መቼም ይህቺን ወረቀት የማያውቅ የለም። አሻራ ሰጥቶ የምትወጣ ናት፤ ውጭ አገር የሚሄድም፣ ጥበቃ የሚቀጠርም ይጠየቃታል። የኛ ሰው አሻራውን ለመስጠት ከቤት ወጣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለሰ። ሥራውን «ቤተሰቤ ታሞብኝ ነው» ብሎ ተወው።

«ለምንድነው ያልሄድከው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እጄን ቀለም ውስጥ ካስነከሩት ያ ልጅ ይወጣል» አለኝ። ያ ልጅ ያለው ራሱን ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመቱን።

እኔን የቆጨኝ ሥራው ማምለጡ ብቻ አልነበረም። ይህ ሰው ስሙን በሕግ ለማስመለስ መጠየቅ ይችል የነበረው የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ነው። ማንም አልነገረውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕጋችን፣ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ፣ «መሰየም» የሚባል ነገር አለው። አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረው። ቃሉን ልብ በሉት። ዳኞች ችሎት ሲቀመጡ «ችሎቱ ተሰየመ» እንላለን። ለሰው ስም ሲወጣለት፣ ለሹመት ሲታጭም «ተሰየመ» እንላለን። እንግዲህ በሕጉ ዘንድ የተቀጣ ሰው ስሙን አጥቷል፤ የተሰየመ ችሎት መልሶ ይሰይመዋል ማለት ነው። ሕግ አርቃቂዎች አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ቃል ያመጣሉ።

ሁኔታዎቹ ብዙ አይደሉም። የተፈረደበት ጽኑ እስራት ከሆነ ቅጣቱ ካበቃ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ለቀለለው ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለፍ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ወንጀል መሥራት የለበትም፤ ጠባዩም መልካም መሆን አለበት። በፍርድ የታዘዘበትን ካሳና ኪሣራ በሚጠበቅበት አቅም መክፈል ይኖርበታል። ይህን ያሟላ ሰው ፍርድ ቤት ቢሰይመው የተሻሩበት መብቶች ይመለሱለታል፤ ቅጣቱ ከመዝገብ ይሰረዝና ከዚያ ወዲያ እንዳልነበረ ይቆጠራል። አንድ የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ለከባዱ ወንጀል የተቀመጠው ጊዜ ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

ብዙ ሰው ይህን ከይቅርታ ጋር ያምታታዋል። በእንቁጣጣሽና በበዓላት ሰሞን «ይህን ያህል ታራሚ በይቅርታ ተፈታ» ሲባል በሬዲዮ እንሰማለን፤ የተፈታውም «ነፃ ወጣሁ» ይላል። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ፍርዱን አይፍቅም፤ መዝገቡ እንደተጻፈ ይቀመጣል። ምሕረት ነው ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ የሚያደርገው፤ እሱ ደግሞ በአዋጅ ነው የሚመጣው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣውን የምሕረት አዋጅ ታስታውሳላችሁ። በአመክሮ የወጣም መዝገቡ አብሮት ይወጣል። ለተራው ሰው፣ ለጀንፈል ሌባው፣ የቀረው በር መሰየም ነው። ይህቺ በር ናት የማትታወቀው።

እዚህ ላይ ነው የሞራሉ ጥያቄ የሚመጣው። ሕጉ መሰየም መብት አይደለም፣ የሚጠይቀው ሰው የሚገባው ሆኖ መገኘት አለበት ይላል። ቆንጆ አባባል ነው። ግን ለማን የሚገባው? ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ደረሰኝ ሲጠይቅ «ደረሰኝ መብትህ አይደለም፣ ጠባይህን እንይ» ቢባል ምን ይላል?

ሌሎች አገሮች በሌላ መንገድ ሄደዋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ሕግ ለቀላል ፍርዶች የተወሰነ ዓመት ካለፈ ፍርዱ ያለ ማመልከቻ «ያለቀ» ይሆናል። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሕግ ጊዜያቸው ያለፈ ቀላል መዝገቦች በኮምፒውተር ራሳቸው እንዲታሸጉ አድርጓል። የእነሱ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ማመልከቻ መጻፍ የሚችለው፣ ጠበቃ የሚቀጥረው፣ ሕጉን የሚያውቀው ሰው ብቻ ከተጠቀመ ምሕረቱ ለተማረ ሰው ሆነ ማለት ነው። የሚዛኑ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ቢሰማ ሁለት እጁን አንሥቶ ይደግፋል።

እኔ ግን ሁለት እጄን አላነሣም፤ አንዱን ነው የማነሣው። ለቀላሉ ነገር፣ በወጣትነት ለተሰረቀ ጀንፈል፣ በገበያ ቀን ለተነሣ ድብድብ፣ ጊዜው ሲደርስ መዝገቡ በራሱ ቢዘጋ ማን ይጎዳል? ሕፃን ልጅ የደፈረ ሰው አምስት ዓመት ጠብቆ የትምህርት ቤት ዘበኛ ልሁን ቢል ግን፣ ዳኛው «የሚገባህ መሆኑን አሳየኝ» ማለት አለበት፤ ከተሰየመ በኋላም ቢሆን አንዳንድ በሮች ለሱ ተዘግተው ቢቀሩ አልከራከርም። የኛ ሕግ ሁለቱንም በአንድ ወንፊት ነው የሚነፋቸው፤ የሚለያያቸው የዓመቱ ቁጥር ብቻ ነው።

ከአንቀጾቹ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የተሰየመን ሰው በክፋት ተነሣሥቶ የድሮ ፍርዱን እያነሣ የሚሰድብ ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል ይላል ሕጉ። «የተናገርኩት እውነት ነው» ብሎ መከላከል አይችልም። እስቲ አስቡት! በጋዜጣም በፍርድ ቤትም ዘወትር የምንመካበት ጋሻ እውነት ነው። እዚህ ጋ ሕጉ ጋሻውን ይነጥቀናል። ሌባ የነበረን ሰው «ሌባ ነበር» ማለት ወንጀል ሊሆን ነው።

መጀመሪያ ሳነበው አልተዋጠልኝም ነበር። ቀስ ብዬ ሳስበው አንድ የእድር ስብሰባ በዓይነ ኅሊናዬ መጣ። አንድ ሰው ገንዘብ ያዥ እንዲሆን ይጠቆማል። ከድንበር የተነሣ ቂም ያለው ጎረቤቱ ብድግ ብሎ «ይሄ ሰውዬ በእንትን ዓመት ለምን እንደታሰረ ይንገረን!» ይላል። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ዓመቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ጎረቤትዬው ለእድሩ ገንዘብ አስቦ እንዳልተነሣ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። እውነቱን እንደ ድንጋይ ነው ያነሣው። አንዲት እናት ልጇን ሊያስጠና ቤቷ ስለሚገባ ሰው ብትጠይቅና ጎረቤቷ የሚያውቀውን ቢነግራት ያ ሌላ ነው፤ ክፋት የለበትም። ሕጉ የሚይዘው ድንጋይ ወርዋሪውን ነው። ይሄን ያህል ከተረዳሁት በኋላ ከሕጉ ጋር ነኝ፤ ምንም እንኳ ጸሐፊ ሆኖ «አንዳንድ እውነት አይነገር» ማለት ባይመችም።

ደግሞም ይህ የግራቨን ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ፊት የታረቁ ሰዎች ነገሩን መልሰው እንዳያነሡ ይማላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያነሣ ይረገማል፣ መቀጮም ይጣልበታል። ነገሩ እውነት መሆን አለመሆኑ አይጠየቅም፤ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም ነው ጥያቄው። አያቶቻችን ስዊዘርላንድን ሳያውቁ አንቀጹን ያውቁት ነበር።

ልዩነቱ አንድ ነው፤ ትልቅ ልዩነት ነው። በሽምግልናው የተበደለው ሰው አለ። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ካሳውን ተቀብሎ፣ አብሮ በልቶ ነው «ትቼዋለሁ» የሚለው። በመሰየም ላይ የተበደለው የት ነው? ካሳው ከተከፈለው ተከፈለው። ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት ዳኛው፣ አመልካቹና መዝገቡ ናቸው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት ችሎት አይገባም።

ይሄን ጥያቄ ቴፒ አጠገብ ለሚኖሩ አንዲት ባልቴት አቀረብኩላቸው። እሳቸውም አንድ ዓመት ቡናቸው ከአልጋ ላይ ተሰርቆባቸዋል፤ ሌባው ተይዞ ታስሮ ወጥቷል።

«እማማ፣ መንግሥት የዚያን ልጅ ጥፋት ከመዝገብ ልሰርዝለት ቢል ቅር ይልዎታል?»

ቡናቸውን እየቀዱ «መዝገቡ የኔ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ይሰርዙለት። ወልዷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎስ ረስተውታል?»

«ሦስት ጆንያ ነበር» አሉኝ። «በዚያ ዓመት ልጄን ከትምህርት ቤት ያስወጣሁት በሱ ነው። ይሰርዙለት፤ ግን ሲሰርዙለት ለኔም ይንገሩኝ። መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም ልበለው አልበለው እንዳውቅ።»

ከብዙ የሕግ መጽሐፍ ይልቅ የሳቸው መልስ ነገሩን አጠራልኝ። ባልቴቷ መዝገቡና ትዝታው ሁለት የተለያዩ ንብረቶች መሆናቸውን ያውቃሉ። መዝገቡ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ቀጣ፣ መንግሥት ሒሳቡን ይዝጋ። የተበደለ ሰው ፈቃድ ካልተገኘ አይሰረዝም ብንል፣ ቂመኛ የገጠመው ሰው ዕድሜ ልኩን ታሳሪ ሆኖ ይቀራል፤ ደግ ሰው የሰረቀ ይሻለዋል። ይህ ፍትሕ አይሆንም። ትዝታው ግን የባልቴቷ ነው፤ ማንም ችሎት አይሰርዘውም፤ እንድትረሳ ሊያዝዛትም አይችልም። እሷን ማማከር ባያስፈልግ እንኳ መንገር ግን የሚከለክል ምንድነው? ወጪው አንድ ወረቀት ነው። ሰላም ልበለው አልበለው የሚለውን እሷ ትወስን።

ወደ ሚዛኑ ሰው ጉዳይ ስንመለስ፣ ማመልከት ትችላለህ ስለው ፊቱ በራ፤ ቆይቶ ጨለመ። «ፋይሉ ያለው እዚያው ነው አይደል?» አለኝ። እዚያው ነው። አባቱ ላም ሸጠው ካሳውን ከፍለዋል፤ ደረሰኙ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። መክፈላቸውን የሚመሰክረው ገንዘቡን የተቀበለው ባለ ጎተራው ነው፤ ካለ። ስለዚህ ስሙን ለማግኘት ስሙን ወዳጣበት መንደር መመለስ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሸሸውን ሰው በር ማንኳኳት አለበት። ጫካው ይህን አይጠይቀውም ነበር። ጫካው ምንም ሳይጠይቅ ነበር የሚቀበለው።

እንደማየው የጫካው ዘመን እየተዘጋ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ባንክ ሄደን አሻራ እንሰጣለን፤ ሲም ካርድ ልናወጣ ስንሄድ ማንነታችን ይጣራል። በዚህ አልከፋም፤ አጭበርባሪ በበዛበት አገር ሰው በአሻራው ቢታወቅ ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ድሮ አንድ ሰው ተራራና ወንዝ ሲሻገር ስሙ ከኋላው ይቀር ነበር። ዛሬ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። መንገዱ በነፃ ይሠራ የነበረውን የመርሳት ሥራ ከእንግዲህ መሥራት ያለበት ሕጉ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ተቀምጧል እንጂ አይሠራም።

የሚያስቀው፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ከአራቱ የክልሉ ማዕከላት ውስጥ የዳኝነቱ መቀመጫ የሆነው ሚዛን አማን ነው። ወዳጄ ከሚያድርበት ቤት የክልሉ ዳኞች የሚውሉበት ከተማ ማለት ያው የራሱ ከተማ ነው። በባጃጅ የሚደረስ ሕግ ሳይሰማ አሥራ ስድስት ዓመት አለፈው።

እንደኔ ቢሆን የሚጀመረው ከማረሚያ ቤቱ በር ነው። ታራሚ ሲፈታ የመፈቻ ወረቀት ይሰጠዋል። በዚያችው ወረቀት ግርጌ ሁለት መስመር ቢጨመር ማንንም አያደኸይም፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ለመሰየም ማመልከት እንደሚችል፣ ካሳ የከፈለበትን ደረሰኝ ደግሞ እንዳይጥል። ቀኑ በቁጥር ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ጮክ ብሎ ያንብብለት።